በጓሳ ዳር አንድ ጠዋት

ወሩ ታኅሣሥ ነው። ዝናቡ ካቆመ ሰንብቷል። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ብርዱ ግን አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

ያለነው መንዝ ውስጥ ነው። መንዝ በሰሜን ሸዋ የሚገኝ ደጋ አገር ነው። ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው በደብረ ብርሃን በኩል አልፎ ይደርስበታል። እኛ ወደዚህ የመጣነው ለማስተማር ነው። ትምህርቱ የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ጠዋቱ የእኛ ነው። አንድ ቀን "እስቲ አገሩን እንየው" ብለን በእግራችን ወጣን። ከምናድርበት መንደር እስከ ጓሳ ዳር የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። ያየነውንና የሰማነውን እንንገራችሁ።

መንገድ ዳር ያለው ሣር ነጭ ሆኖ ጠበቀን። ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ስንረግጠው ኮሽ ኮሽ ይላል። ይህ ውርጭ ነው።

ጎድጓዳ ቦታ ላይ አንድ የባቄላ ማሳ አየን። ቅጠሉ ጠቁሮ ተኮማትሯል። በፈላ ውሃ የተነከረ ይመስላል። ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለው ባቄላ ግን ደህና ነው። አንድ አባት ማሳው ዳር ቆመው ይተክዛሉ። "እንደምን አደሩ አባባ?" አልናቸው። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ። "ብርድ እንደ ውሃ ነው ልጆቼ። ወደ ታች ይፈስሳል።"

እውነታቸውን ነው። መሬት ቀን ያገኘውን ሙቀት ሌሊት ይለቃል። ደመና ካለ እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቱን ይይዘዋል። ደመና ከሌለ ግን ሙቀቱ ወደ ሰማይ ያመልጣል። መሬቱ ሲቀዘቅዝ አጠገቡ ያለው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ጎድጓዳው ቦታ ወርዶ ይተኛል። እዚያ ያለውን ሰብል ይመታል።

"ዘንድሮ ዘግይቼ ዘራሁ። ለከርሞ ይህችን ጎድጓዳ ለሣር እተዋታለሁ" አሉ አባባ። ደህና ይዋሉ ብለናቸው አለፍን።

ቀጥሎ አንዲት ትንሽ መንደር አገኘን። ቤቶቹ ግድግዳቸው ድንጋይ፣ ክዳናቸው ሣር ነው። አውድማው ላይ በሬዎች ገብስ ያበራያሉ። ሴቶች ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ። መንዝ በበጉ የታወቀ ነው። ከጠጉሩ ባና ይሠራል። በእንዲህ ያለ ሌሊት ባና የሌለው ሰው እንቅልፍ የለውም።

ከመንደሩ በላይ ጓሳ ይጀምራል። ጓሳ የሣሩም የቦታውም ስም ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይበልጣል። ስፋቱ ወደ 100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሣሩ በነዶ በነዶ ቆሟል። በመካከሉ ጅብራ እንደ ዘበኛ ቀጥ ብሏል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ሣር ይነጫሉ። ቀይ ቀበሮም እዚህ ይኖራል። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በስተቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የቀረውም ጥቂት መቶ ብቻ ነው። ዋና ምግቡ አይጥ ነው።

ደክሞን ስለነበር ልናርፍ አሰብን። መሬቱ እርጥብ ነው። ከእኛ አንዱ ለመቀመጫ ሣር ሊነቅል ጎንበስ አለ።

"ተው! ተው! ዝግ ነው!" የሚል ድምፅ ሰማን። አንድ እረኛ ልጅ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ይሮጣል።

"ለመቀመጫ ጥቂት ብቻ ነው" አልነው።

"ጥቂትም ቢሆን ዝግ ነው" አለ።

አፈርን። እኛ ልናስተምር የመጣን ሰዎች በአንድ እረኛ ተማርን።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንዝ ሰው ጓሳን ከ300 ዓመት በላይ ጠብቆታል። ቦታው ለዓመታት ይዘጋል። ሣሩ ሲደርስ በበጋ ይከፈታል። አስቀድሞ ሣር ይታጨዳል። ከዚያ ከብት ይገባል። ከዚያ ተመልሶ ይዘጋል። የሚጠብቀውን አለቃ ሕዝቡ ራሱ ይመርጥ ነበር። መብቱ ግን የቀደምት አባቶች ዘር ለሆኑት ብቻ ነበር።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን ታወጀ። የርስት ሥርዓት ቀረ። በርስት ላይ ቆሞ የነበረው የጓሳ አጠባበቅም አብሮ ፈረሰ። ያጨደ አጨደ፤ ያሰማራ አሰማራ። የሁሉም የነበረው የማንም ያልሆነ መሰለ። ሣሩም ሳሳ።

በኋላ ሕዝቡ ተመካከረ። ጥበቃውን እንደገና አቆመ። አሁን የየቀበሌው ተወካዮች ያሉበት ኮሚቴ ያስተዳድረዋል። ደንቡ በጽሑፍ ሰፍሯል። የአማራ ክልል መንግሥትም በሕግ አጽንቶታል።

ጥቅሙ ሣር ብቻ አይደለም። ጓሳ የክረምቱን ዝናብ ይይዛል፤ ለምንጮችም ቀስ እያለ ይለቀዋል። በምዕራብ የሚወርደው ውሃ ወደ አባይ ይሄዳል። በምሥራቅ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል።

ስንመለስ በመንደሩ ዳር አንዲት እናት ጠሩን። ከትምህርት ቤታችን ተማሪዎች አንዷ ናቸው። "ኑ ልጆቼ፣ ብርድ ላይ አትቁሙ" ብለው አስገቡን። ቆሎ አቀረቡልን፤ ቡናም ጣዱ። ቀና ስንል የቤታቸው ክዳን ሳስቷል። በሣሩ መካከል ሰማዩ ይታያል።

"እማማ፣ ጓሳ ግማሽ ሰዓት አይርቅዎትም። አንድ ሸክም ቢያጭዱ ማን ያይዎታል?" አልናቸው።

እንዝርታቸውን አቆሙ። "ዛሬ እኔ አንድ ሸክም ባጭድ ነገ ጎረቤቴ ሁለት ያጭዳል። ክፍት ሆኖ የቀረ ጊዜ ያየነውን አይተናል" አሉ።

ከዚያ የሚያስቆጫቸውን ነገሩን። "ባለፈው ጓሳ ሲከፈት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። እኔ ማንበብ አልችልም። ቀኑን ከሰው አፍ ሰማሁ። የነገረኝ ሰው ተሳስቶ ኖሯል። ሦስት ቀን ዘግይቼ ደረስኩ። ረጅሙ ሣር ታጭዶ አልቋል። የቀረኝ አጭሩ ነው። አጭር ሣር ክረምት አይችልም። ሐምሌ ሲገባ የልጅ ልጄን ከጥግ ወደ ጥግ እያዛወርኩ አነጋሁ።"

ዝም አልን። ምን እንላለን?

"አሁን ግን ቁጥር ለይቻለሁ" አሉ። "የወር ስምም እጽፋለሁ። ወረቀቱ ሲለጠፍ ራሴ ሄጄ አየዋለሁ።"

ከምድጃው ዳር አመድ ደልደል አደረጉ። በጣታቸው "የካቲት" ብለው ጻፉ። "ካ" ትንሽ ተጣመመችባቸው። ግን ትነበባለች።

"ትክክል ነው?" አሉን።

"ትክክል ነው እማማ" አልናቸው።

ቡናውን ጠጥተን ወጣን። ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ውርጩ ቀልጦ ሣሩ ላይ ውሃ ሆኗል። የትምህርቱ ሰዓት ስለደረሰ እርምጃችንን አፈጠንን።

እናንተም ይህን ካነበባችሁ በኋላ ከጎረቤቶቻችሁ ጋር ተነጋገሩበት።

1. በቀበሌያችሁ የጋራ የሆነ ነገር ምን አለ? የግጦሽ መሬት ነው? ምንጭ ነው? ደን ነው?

2. የሚጠበቅበት ደንብ አለው? ደንቡስ ተጽፏል?

3. ከተጻፈ፣ እናንተ ራሳችሁ አንብባችሁታል? ወይስ ከሰው አፍ ነው የሰማችሁት?