ካመመሽ አቁሚ

ከሰርጌ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል አብዝቼ የሰማሁት ቃል «ዘና በይ» ነው። ባለቤቴ ይለዋል። ሐኪሙ መርምሮኝ «ምንም የለብሽም፣ ዘና በይ» ብሎ ሸኘኝ። እናቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በስልክ፣ ግማሹን ብቻ ነግሬያት፣ «ቻይው ልጄ፣ መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው» አለችኝ። ቻልኩት። ማታ ማታ ዕቃ ማጠቡን እያስረዘምኩ፣ እሱ እስኪተኛ እየጠበቅኩ ቻልኩት። ሕመሙ እንደ ምላጭ ነበር። እሱም እንዳያሳምመኝ ብሎ እጄን መንካት እንኳ ፈራ።

እዚህ ሜሪላንድ አንዲት ሐኪም ወደ ፊዚዮቴራፒስት ስትልከኝ ሳቄ መጣ። ፊዚዮቴራፒ ለኳስ ተጫዋች ይመስለኝ ነበር። ቀጠሮው ላይ አስተርጓሚ በስልክ ገባ፤ ወንድ። ሴትየዋ የተናገረችውን ሰምቶ ትንሽ ዝም አለና «እ... እዛ ጋ ያምሻል ወይ ነው የምትለው» አለኝ። «አዎ፣ እዛ ጋ» አልኩ። ሁለት አማርኛ ተናጋሪዎች አንድ ስም መጥራት አቃተን።

የዳሌ አጥንት ሞዴል አውጥታ አሳየችኝ። ከፊት ካለው አጥንት እስከ ጭራ አጥንት የተዘረጋ ጡንቻ አለ፤ ፊኛን፣ ማህፀንንና አንጀትን ከሥር ደግፎ የሚይዝ። ሕመም ሲጠብቅ፣ ዓይን አቧራ ሲመጣበት እንደሚጨፈነው፣ ሳናዝዘው ይኮማተራል። ሲኮማተር ያማል፤ ሲያም ለሚቀጥለው ይብሳል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ለወራት ኬግል ስሠራ ነበር! አሜሪካዊው ሐኪም አርኖልድ ኬግል በ1948 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ይህ ስፖርት የላላ ጡንቻን ለማጠንከር ነው። የእኔው ቀድሞውኑ የጠበቀ ነበር።

የቤት ሥራዬ መተንፈስ ሆነ። በጀርባዬ ተኝቼ፣ ጉልበቴን አጥፌ፣ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ፤ አየር ሳስገባ ሆዴ ከፍ ሲል ያ ጡንቻ ወደ ታች ሲለቅ እስኪሰማኝ። ከሳምንታት በኋላ ዳይሌተር ሰጠችኝ። ከቀጭኑ ጀምሮ በማለስለሻ ቅባት የሚገባ፣ መጠኑ ቀስ በቀስ የሚጨምር ለስላሳ ዘንግ ነው። ሕጓ አንድ ነበር፦ «ካመመሽ አቁሚ።» ይህን ያለኝ ሰው አልነበረም። ያን ቀን መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ሁሉም ሕመም ከጡንቻ አይደለም። ኢንፌክሽን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ከወሊድ ወይም ከግርዛት የቀረ ጠባሳ፣ ጡት ስታጠቢ የሚመጣ ድርቀትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መመርመር ነው። «ምንም የለብሽም» ከተባልሽና አሁንም ካመመሽ ግን ሌላ ሐኪም ጠይቂ።

እኔ ወራት ፈጀብኝ። አሁንም የሚያመኝ ቀን አለ፤ ያኔ እናቆማለን፣ ሻይ እናፈላለን።

ታናሽ እህቴ ለጥር ሰርግ ደግሳለች። ባለፈው ደወልኩላትና «ካመመሽ እንዳትችዪው» አልኳት።

«የቱ? እዛ ጋ ማለትሽ ነው?» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«አዎ፣ ብልትሽ» አልኳት።

ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች።