የአራት ሰው ደቦ

ቤት በደረጃ ይሠራል ይባላል። ምሕንድስና የሚማሩ ጓደኞቻችንን ብትጠይቋቸው ደረጃዎቹን ሳይተነፍሱ ይወጡላችኋል፤ ቦታ መምረጥ፣ ፕላን መንደፍ፣ መሠረት ማውጣት፣ ማቆም፣ ጣራ ማልበስ፣ ከዚያ ፊኒሺንግ። ዝርዝሩ ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አይነግረንም። እያንዳንዱን ደረጃ የሚሠራው ማነው? ለሲሚንቶና ለብረት ቤት መልሱ ቀላል ነው፤ ገንዘብ ያለው ይቀጥራል፣ የተቀጠረው ይሠራል፣ በቃ። የጭቃ ቤት ግን በሰው ነው የሚቆመው። ሰው ካልተሰበሰበ እንጨቱም አፈሩም ክምር ሆኖ ይቀራል። ይህን ነገር እኛ ፊት ለፊት ያየነው ሰው መሰብሰብ በተከለከለበት ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም. የእናታችንን ቤት ስንሠራ ነው።

«እኛ» የምንለው ሦስት ነን፤ ሁለት ወንድማማቾችና አንዲት እህት። በዚያ ዓመት ሦስታችንም በሦስት የተለያዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች ነበርን። ታላቃችን ሲቪል ምሕንድስና፣ መካከለኛው ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ያጠናሉ፤ ታናሺቱ ገና የመጀመሪያ ዓመት ናት። እናታችን ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ትኖር ነበር። ቤቱን ምስጥ በልቶት ወደ ምዕራብ አዝምሟል፤ በሁለት ባላ ተደግፎ ነበር የቆመው። አንድ ክረምት ያልፍ ይሆናል፣ ሁለተኛውን ግን እንደማያልፍ ያየው ሁሉ ይናገር ነበር።

ፕላኑን የነደፍነው በ2011 ክረምት፣ እዚያው ባዘመመው ቤት ውስጥ፣ ጣራው በሚያፈስበት በኩል ገበቴ ደቅነን ነው። ታላቃችን ባለ 4 ክፍል ቤት በደብተር ወረቀት ላይ አሰመረ። መካከለኛው የመጽሐፍ መደርደሪያ የሚቆምበት ቦታ አስጨመረ። ታናሺቱ ማድ ቤቱ ለብቻው ይሁን፣ ጢሱ የእማዬን ደረት እየጎዳ ነው አለች። እናታችን ቡናውን እየቆላች ዝም ብላ ስትሰማን ቆየችና፣

«በሩ ስንት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«80 ሳንቲ» አልናት።

«አባታችሁን ስናወጣው ቃሬዛው በበሩ አላልፍ ብሎ ምን እንደሆንን ረሳችሁት? እኔ የምወጣበትን በር አስፉልኝ። አራቱን ክፍል እናንተ ስትወልዱ ትሠሩታላችሁ።»

ከዚህ በኋላ ብዙ ክርክር አልነበረም። ቤቱ 5 በ7 ሜትር፣ ክፍሉ 2፣ በሩ 1 ሜትር ከ10 ሆነ፤ ማድ ቤቱ ከጓሮ ተለየ። ወንበር ላይ ተቀምጠን የምንማረው ፕላን የሚጀምረው ከልኬት ነው። የእናታችን ፕላን የጀመረው ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ከመለየት ነው። መጽሐፍ የምንደረድርበት ቤት የኛ ነው፤ እሷ የምትኖርበትና የምትወጣበት ቤት የሷ ነው። ይህ ከተለየ በኋላ ልኬቱ በአንድ ማታ አለቀ።

ከፕላን ቀጥሎ ያለው ደረጃ መጠበቅ ነው። የጭቃ ቤት የራሱ ካላንደር አለው። እንጨት በበጋ ይቆረጣል፤ ጭድ ከአውድማ የሚገኘው ጤፍ ሲወቃ፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ ጣራው ሰኔ ሳይገባ መልበስ አለበት። ዩኒቨርሲቲ ደግሞ እኛን የሚለቀን በክረምት ነው፤ ማለት ምንም ቤት በማይሠራበት ወቅት! በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ሥራ ለመሥራት የቀረን የሴሚስተር ዕረፍት ብቻ ነበረ። በዚያች አጭር ጊዜ አባታችን የተከለውን ባሕር ዛፍ ቆረጥን። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ዛሬ በብዙ ደጋ አገር ያለሱ ቤት ማሰብ ያስቸግራል። ይቆረጣል፣ ከጉቶው ያቆጠቁጣል፣ እንደገና ይደርሳል። ሒሳቡን በደብተር ሠራነው። ዙሪያው 24 ሜትር ነው፤ በየ40 ሳንቲ አንድ ቋሚ ቢተከል 60፣ ለመካከለኛው ግድግዳ 12፣ በድምሩ 72 ቋሚ። ማገሩና ወራጁ ሌላ ነው። ልጠን አጋድመነው፣ እንዲደርቅ ትተነው ወደየግቢያችን ተመለስን። በተከታዩ ዓመት በጋ እናቆመዋለን ብለን ነበር ያሰብነው።

ሆኖም መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ወር ትምህርት ተቋረጠ፣ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪውን ወደየቤቱ ሸኙ። ሦስታችንም በበጋ፣ እንጨቱ ባለበት፣ ጭዱ በተከመረበት ወቅት ቤታችን ተገኘን። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወታችን ገጥሞን አያውቅም። በሰው ላይ የመጣ መዓት ለኛ ጊዜ ሰጠን፤ ይህን ማሰብ ራሱ ደስ አይልም ነበር፣ ግን ምን ይደረግ። እጃችንን አጣጥፈን ብንቀመጥ ባላው ክረምቱን አይጠብቅልን።

ችካል ተከልን፣ ገመድ ዘረጋን። ታላቃችን ማዕዘኑን በ3፣ በ4 እና በ5 ሜትር ለካ፤ ፓይታጎራስ እንዳስተማረው። አናጢው፣ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ምንም ሳይናገሩ ገመዳቸውን ከአንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ወጠሩና ቋጠሮ አሰሩበት፤ ደግሞ በሌላው ሰያፍ ወጥረው ቋጠሮው እኩል መድረሱን አዩ። ታላቃችን በስልኩ አሰላው፤ 8 ሜትር ከ60። «አያ፣ ልክ ነው» አላቸው። «ልክ መሆኑንማ ገመዱ ነገረኝ እኮ» አሉት። ቋሚዎቹን መሬት የሚገባውን ጫፋቸውን በእሳት ለብለብ አድርገን፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብተን፣ በድንጋይ እየጠቀጠቅን ተከልን። ይህ እስኪሆን መጋቢት ሊያልቅ ነው።

መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ አንድ ቦታ መሰባሰብ ተከለከለ። እንግዲህ አስቡት፤ እኛና እናታችን ስንደመር አራት ነን። አንድ ጎረቤት ቢመጣ አምስተኛ ነው!

ደቦ ምን እንደሆነ ለማታውቁ የከተማ ልጆች ባጭሩ እንንገራችሁ። ጭቃ የሚረገጥበት ቀን ይቀጠራል፤ በአንዳንዱ ቦታ ደቦ፣ በአንዳንዱ ጅጊ ይሉታል። ሠላሳ አርባ ሰው ይመጣል፤ ይረግጣል፣ ያቀብላል፣ ይመርጋል፤ ባለቤቱ ያበላል፣ ያጠጣል። አርባው ሰው በአንድ ቀን የሠራውን አራት ሰው በስንት ቀን ይሠራዋል? እንደ ሒሳብ ክፍል ጥያቄ በ10 ቀን ትሉ ይሆናል። አይደለም። አርባ ሰው ሲሆን ዘፈን አለ፣ ፉክክር አለ፣ ሽማግሌው ሲደክም ወጣቱ ይተካል። አራት ሰው ሲሆን ጭቃው ብቻ አለ።

ታናሺቱ በዚህ ጉዳይ ንቅንቅ አልል አለች። የእማዬን ደረት ታውቃለች። «ሁለት ከኛ፣ ሁለት ከጎረቤት፤ የቀረነው ከግቢ ውጭ» አለች፤ በራፉ ላይ ጀሪካን ሰቅላ ሳሙና አስቀመጠች። ተራው በደብተሩ በስተጀርባ ተጻፈ። ለጣራው እንኳ ችግር አልነበረም፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ሆነው ቆርቆሮ ማቀበል ነው፤ አዋጁ ለጣራ የተጻፈ ይመስል ነበር። 40 ቆርቆሮ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ቀናት ተመታ። በመጽሐፍ ግድግዳ ይቀድማል፤ በኛ ቤት ጣራው ቀድሞ ግድግዳው ከሥሩ ይከተላል፤ ምክንያቱም እርጥብ ጭቃ ዝናብም ጠራራ ፀሐይም አይችልም።

ጭቃው ግን ግንቦትን በላው። አፈሩ ይቆፈራል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ይረገጣል፤ ከዚያ እንደ ሊጥ ይቦካል። ያልቦካ ጭቃ ሲደርቅ ይፈርሳል። በደቦ አንድ ትልቅ ጉድጓድ በአንድ ጊዜ ይቦካ ነበር፤ እኛ ትንንሽ እያደረግን 19 ቀን መረግን። ስለዚህ ግድግዳው አንድ ዓይነት መልክ አልነበረውም። የአንዱ ቀን ጠቆር፣ የሌላው ቀላ ያለ ነው፤ አንዱ ጭድ በዝቶበታል፣ ሌላው ተሰንጥቋል። እናታችን ማታ ማታ በፋኖስ እየዞረች «ይኸ የእገሌ እጅ ነው፣ ይኸ ደግሞ የእገሊት» እያለች ትዳስሰው ነበር። በአንድ ቀን የተመረገ ግድግዳ ላይ የማንም እጅ ተለይቶ አይታወቅም። በዚህኛው ላይ ሁሉም ይታወቅ ነበር።

አንድ ነገር ግን አልተሟላም፤ ማዕዱ። እናታችን ጠላውን በየጀሪካኑ እየሞላች፣ እንጀራውን በአገልግል እያደረገች ለየቤቱ ላከች። አንዲት ጎረቤታችን ጀሪካኑን ስትመልስ «እትዬ፣ የደቦ ጠላ ተቀምጦ ይጠጣል እንጂ እንደ ፖስታ ይላካል እንዴ?» አለቻት። እናታችን ሳቀች፤ ቤት ገብታ ግን አለቀሰች። ለሷ ደቦው አላለቀም። ያልተበላ ደቦ ዕዳው አይዘጋም።

የዋንዛውን መዝጊያ ከአሮጌው ቤት የነቀልነው በመጨረሻ ነው። ስፋቱ 80 ሳንቲ፤ አዲሱ በር 1 ሜትር ከ10። አናጢው በ30 ሳንቲ አዲስ ሳንቃ ቀጠሉት፤ አሮጌው ጥቁር፣ አዲሱ ቀይ ሆኖ ይታያል። የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ገባን። የውጭውን ልስን ዝናብ ቀደመን፤ ነፋስ በሚመታው በምዕራብ በኩል ብቻ ለስነን የቀረውን ለመስከረም አሳደርነው። አሮጌው ቤት በሐምሌ አጋማሽ በአንድ ሌሊት ዝናብ ተኛ። ማንም አልነበረበትም።

እነሆ በደብተሩ በስተጀርባ የ37 ሰው ስም አለ። እናታችን ማንበብ አትችልም፤ ግን አንዱንም አትረሳም። የእገሌ ልጅ ሊጋባ ነው፣ ጎጆ ይወጣል፤ የእገሊት ጓሮ አጥር ፈርሷል እያለች ስልክ ትደውልልናለች። ገንዘብ በስልክ መላክ ቀላል ነው። አንዴ ለአንዱ ጎረቤት በቀን ሠራተኛ ሒሳብ ላክንለት፤ በማግስቱ ለእናታችን አምጥቶ ሰጣት። «ልጆቹ ሲመጡ ይምጡ» አለ አሉ።

ከሦስታችን ሁለቱ ተመርቀን ሥራ ይዘናል፤ ታናሺቱ ሕክምና ላይ ናት፣ ገና ግቢ ውስጥ ነች። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአካባቢያችን በደረሰው ጦርነት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ፣ በዕረፍት ሁሉ መሄድ አልተቻለንም። በተገኘው ቀዳዳ ግን ሄደናል፤ አጥር አጥረናል፣ አንድ ጎጆ መርገናል፣ አንድ ማድ ቤት አቁመናል። ስሞቹን በሦስት ተካፍለናቸዋል። እስካሁን 11 ተሰርዟል።

26 ይቀራል።