የንቧ በረራና የትንፋሽ ነገር

የሩሲያው የሙዚቃ ደራሲ ሪምስኪ ኮርሳኮቭ «የንቧ በረራ» የሚባለውን ፈጣን ዜማ የጻፈው «የንጉሥ ሳልታን ተረት» ለተሰኘው ኦፔራው ነው። ኦፔራው በ1900 እ.ኤ.አ. በሞስኮ ታየ፤ ታሪኩም የፑሽኪን ነው። (ስለ ፑሽኪን ቅድመ አያት የትውልድ አገር በታሪክ ክፍለ ጊዜ ያደረግነውን ክርክር እዚህ አላነሣውም።) በተረቱ ልዑሉ ወደ ንብነት ተለውጦ ባሕር ይሻገርና ምቀኞቹን የእናቱን እኅቶች ይነድፋል። በእርግጥ ደራሲው ያሰባት ንብ ወፍራምና ጠጉራም ናት፤ በአገራችን ዱር ስለማትገኝ የእኛ ማር ቆራጮች አያውቋትም።

ዘንድሮ ይህን ዜማ ለአንድ ትራምፔትና ለማርሽ ባንዳችን እንዲስማማ አድርጌ እንድጽፈው መምህራችን ፈቀዱልኝ። ትራምፔቱን የምነፋው እኔ ነኝ። የመጨረሻ ዓመቴም ስለሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻዬን ልነፋው ተመኝቼ ነበር።

ዳሩ ግን ቫዮሊን አይተነፍስም፤ ሰው ይተነፍሳል። ዜማው ከግማሽ ድምፅ ወደ ግማሽ ድምፅ ያለ ዕረፍት ይሮጣል። በትዝታ አምስት ድምፆች ያደገ ጣት አሥራ ሁለቱን ሁሉ በሦስት ፒስቶን ማሳደድ ይከብደዋል፤ ሆኖም ጣት በልምምድ ይገራል። ሳንባ ግን እንደዚያ አይደለም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ ዜማውን የምናሰማበት ደባርቅ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩም ይሳሳል።

መፍትሔው በአገራችን ነበር። እምቢልታ ነፊዎች ሦስት ሆነው ሲቆሙ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ እየተቀባበሉ ሲነፉ ግን አንድ ሙሉ ዜማ ይሰማል። ከዚህ በኋላ የደራሲውን ጽሑፍ ባየው እርሱም ሩጫውን ለቫዮሊን፣ ለዋሽንትና ለክላርኔት እያቀባበለ ጽፎታል! አንድ ሰው ብቻውን ይጫወተው የሚለው ኋላ የመጣ ልማድ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁልቁለት ለትራምፔት ሰጠሁ፤ ከዚያ ክላርኔት ይቀበላል፤ ከዚያ እንደገና ትራምፔት። አስረካቢው የመጨረሻዋን ድምፅ ሳይለቅ ተረካቢው ይጀምራል፤ ያለዚያ ክፍተቱ እንደ ተቆረጠ ክር ይታያል። ትሮምቦኖቹ አጭር አጭር ድምፅ ብቻ ይመታሉ። ከበሮው ዝም ቢል ይሻላል፤ የእኛ ከበሮ መቺ ግን ይህን አልወደደውም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «የኦፔራ ሙዚቃ ከማርሽ ባንድ ጋር ምን አገናኘው?» አሉ። ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ራሱ ከ1873 እስከ 1884 እ.ኤ.አ. የሩሲያ ባሕር ኃይል ባንዶች ተቆጣጣሪ ነበር፤ በ1877 ለአንድ ትሮምቦንና ለወታደር ባንድ ኮንቸርቶ ጽፏል። ከአድዋ ድል (1888 ዓ.ም.) በኋላም የሩሲያው ንጉሥ ኒኮላስ 2ኛ ለዳግማዊ ምኒልክ የነሐስ መሣሪያዎች ልከው ነበር። ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ «እንግዲያው ሶሎ አይባልም» ያለው አንዱ ብቻ እስከ ዛሬ አልተረታም።

በደባርቅ ነፋነው። ንቧ ሳትወድቅ ደረሰች፤ ሰዉም አጨበጨበ። እኔን ለመስማት ከጎንደር ድረስ የመጡት አባቴ ግን ወደ ጎን ሳብ አድርገው «ልጄ፣ አንተ የነፋኸው የቱ ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ የእኔን መሥመሮች አንድ በአንድ በጣቴ አሳየኋቸው።