ቢሮ ስትቀይሩ መጀመሪያ ለማን ነው የምትነግሩት?

አዲስ አበባ ውስጥ ቢሮ መቀየር የዘወትር ነገር ሆኗል። ኪራዩ ይንራል፣ ባለሕንፃው ውል አላድስም ይላል፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማቱ ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡ ብዙ ናቸው። ሠራተኛው ግን ወሬውን የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ የኪራይ ውሉ ከተፈረመና ቅድመ ክፍያው ከተከፈለ በኋላ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በቴሌግራም ግሩፑ ላይ «ከሰኞ ጀምሮ ሥራ የምንገባው በአዲሱ ቢሮ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል መልእክት ይመጣል፤ አለቀ። ይህ ልማድ እንዲቀር ከልቤ እፈልጋለሁ።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ውል ውስጥ መገለጽ አለባቸው ከሚላቸው ነገሮች አንዱ የሥራ ቦታ ነው፤ ከደመወዝና ከሥራው ዓይነት ጋር አብሮ ተጠቅሷል። ብዙ ውሎች ግን «ድርጅቱ በሚመድበው ቦታ» ብለው ያልፉታል፣ ፈራሚውም ዓይኑ ደመወዙ ላይ ስለሆነ ልብ አይለውም። እስቲ ዛሬ ማታ ውላችሁን አውጡና ይህችን መስመር አንብቧት።

ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 28 ላይ፣ ድርጅቱ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር አብሮ ለመሄድ ፈቃደኛ ያልሆነን ሠራተኛ አሠሪው በማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተው እንደሚችል ይደነግጋል። መጀመሪያ ሳነበው ከፍቶኝ ነበር። ቢሆንም «አልሄድም» ያለ ሰው በማግስቱ ይባረራል ማለት አይደለም። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ሆኖ ምክንያቱና የሚጸናበት ቀን ሊገለጽበት ይገባል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ለሠራ 2 ወር፣ ከዚያ በላይ ለቆየ 3 ወር ይሰጠዋል። ያልወሰደው የዓመት ፈቃድ በገንዘብ ይታሰብለታል፤ ሒሳቡም ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል አለበት።

አስቸጋሪው ጉዳይ ግን «ሌላ አካባቢ» የሚለው ነው፤ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ አዋጁ አልለካውም። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሄደ ፋብሪካ ማንንም አያከራክርም። ከሜክሲኮ ወደ ሰሚት የሄደ ቢሮስ? ለሥራ አስኪያጁ ያው አንድ ከተማ ነው፤ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ለምትኖር የሒሳብ ሠራተኛ ግን ሌላ አገር ነው። ትናንት በአንድ ታክሲ ትደርስ የነበረችው አሁን ሦስት ቦታ ትሰለፋለች። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ 2፡30 ላይ መፈረም አትችልም፤ ስለዚህ ልጁን የሚያደርስ ሰው በገንዘብ ትፈልጋለች፣ ወይም እናቷን ታስቸግራለች። ማታ ዝናብ ከጣለ ቤቷ የምትገባው ልጁ ከተኛ በኋላ ነው። ደመወዟ አልተነካም፣ የሥራ መደቧም ያው ነው፣ ኑሮዋ ግን ተናግቷል። መንገድ ላይ የሚያልቀው ጊዜ ደግሞ እንደ ሥራ ሰዓት አይቆጠርላትም። የትራንስፖርት አበል ቢሰጣትም አዋጁ ከደመወዝ አይቆጥረውም፤ ስለዚህ በደመወዝ ላይ ተመሥርቶ በሚሰላ ክፍያ ውስጥ አይገባም።

ሕጉ እዚህ ላይ ብዙ አይረዳትም። ለዚህ ነው ነገሩ ከመፈረሙ በፊት መነጋገር ያስፈልጋል የምለው። ሠራተኛ ማኅበር ያለበት ድርጅት የኅብረት ስምምነት ሊኖረው ይችላል፤ የመጓጓዣውንም የመግቢያ ሰዓቱንም ጉዳይ እዚያ መጨረስ ይቻላል። ማኅበር የሌለበት ቢያንስ ሠራተኞቹ የት የት እንደሚኖሩ ይጠይቅ። ይህን ያላወቀ አሠሪ ስንት ሰው እንደሚለቅበትም አያውቅም።

ሰርቪስ መመደብን ብዙ ኃላፊዎች እንደ ችሮታ ያዩታል። ሰርቪስ ግን የሕግ ውጤት አለው፦ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ የጋራ መጓጓዣ በመደበው ወይም ለዚሁ ብሎ በተከራየው መኪና ወደ ሥራ ሲሄድ ወይም ሲመለስ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ፣ በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። ስለዚህ ርካሽ ነው ተብሎ ፍሬኑ የማያስተማምን ሚኒባስ መከራየት አያዋጣም፤ ኃላፊነቱ የድርጅቱ ነው።

አዲሱን ሕንፃ ለማየት የሚሄደው ቡድንም ኪራዩንና ፓርኪንጉን ብቻ አይቶ አይመለስ። በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ባልደረባ አለን? ሊፍቱ መብራት ሲጠፋ ይሠራል? ጄኔሬተሩስ? በ2001 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሠሩ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች አመቺ መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 568/2000 ደግሞ አሠሪው የሥራ ቦታውን ለአካል ጉዳተኛው ሠራተኛ እንዲያመቻች ያስገድደዋል። እንዲህም ሆኖ ደረጃ ብቻ ያለው አራተኛ ፎቅ የሚከራይ ድርጅት ዛሬም አለ። ይህ በጣም ያንገበግበኛል።

የአድራሻ ለውጥ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ባለሥልጣኑ በጽሑፍ መገለጽ አለበት፤ ይህን የሚረሳ ሒሳብ ክፍል እምብዛም የለም። የሚረሱት በኤጀንሲ የተቀጠሩት ጥበቃዎችና የጽዳት ሠራተኞች ናቸው። አሠሪያቸው ኤጀንሲው ስለሆነ በስብሰባው ላይ አይጠሩም፤ ብዙ ጊዜ ለአዲሱ ሕንፃ ሌላ ሰው ይላካል፣ ለዓመታት በሩን ሲከፍትላችሁ የነበረው ሰው ደግሞ ምደባ ጠብቅ ይባላል። አብረዋችሁ መምጣት የሚፈልጉትን ጠይቃችሁ ለኤጀንሲው አንድ ደብዳቤ ብትጽፉ ይበቃል፤ እሱም ቢሆን ዕቃ መጫን ከመጀመሩ ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብሎ ይድረስ፣ መምጣት የማይችሉትም ሌላ ምደባ የሚፈልጉበት ጊዜ ያግኙ።