የውዝዋዜ ባለቤት ማነው?

ጸሐፊ ቢሞት መጽሐፉ መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ሠዓሊም ቢሞት ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ይቀራል። ውዝዋዜስ የት ይቀራል? ይኸንን እንዲያው ለክርክር ያህል ያነሣሁት አይደለም። ሁለት ዓመት ሙሉ በተማሪዎች የባህል ቡድን ውስጥ «ጎንደር» የሚባለውን ውዝዋዜ ስወዛወዝ ቆይቻለሁ፤ ጥያቄው የመጣብኝም ከዚያው ነው።

እኔ የዛሪማ ልጅ ነኝ። ዛሪማ ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ደጋው አልቆ ቆላው ሲጀምር የምትገኝ የመንገድ ዳር ከተማ ናት። ከደባርቅ ጋቢውን ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ ዛሪማ ሲደርስ ጋቢውን አጣጥፎ ብብቱ ሥር ይይዛል። እኛ ዘንድ እስክስታ የሚያስተምር አሠልጣኝ የለም። ልጅ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከበሮውን ይሰማል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ሠርግ ላይ ክቡ ውስጥ ይገፈተራል። «ግባ እንጂ! ምን ትገተራለህ?» ይባላል። ትምህርት ቤቱ ይኸው ነው።

ታድያ የባህል ቡድኑ ገብቼ «ጎንደር»ን መለማመድ ስጀምር አንድ ነገር ገረመኝ። ሠርግ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ በትከሻው ይጠይቃል፣ ሌላው በትከሻው ይመልሳል፤ ጀርባውን ለማን እንደሰጠ ግድም የለው። መድረክ ላይ ግን ስምንታችንም ፊታችንን ወደ ተመልካቹ እናዞራለን። ሴቶቹ ከግራ፣ ወንዶቹ ከቀኝ ይገባሉ፤ መስመሩ መኻል ላይ ተሰንጥቆ ይተላለፋል፤ ከዚያ ከበሮው ሲጠብቅ እኩል እንንበረከካለን። ይኸንን ዛሪማ አላየሁትም። ዳባት ዘመዶቼ ዘንድም አላየሁትም። ይኸ ከመሬት የበቀለ ነገር አይደለም፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያሰበው ነው። አንድ ሰው አንድ ቀን «እዚህ ላይ ተንበርከኩ» ብሏል። ማን ነው እሱ?

አሠልጣኛችንን ጠየቅሁት።

«ከአሠልጣኜ ነው የተማርኩት» አለኝ።

«እሱስ?»

«እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ቴአትር ቤት ከነበረ ሰው።»

«ሰውየውስ ማን ይባላል?»

ሳቀብኝ። «አንተ ደግሞ! ባህላዊ እኮ ነው፤ የሕዝብ ነው።»

«የሕዝብ ነው» የሚለው ቃል ሲሰሙት ደስ ይላል። ግን ሁለት ሰው ያስረሳል። አንደኛ፣ የመድረኩን ቅንብር የፈጠረውን ሰው ያስረሳል። ሁለተኛ፣ ቅንብሩ የተቀዳበትን የገጠር ሰው ያስረሳል። የሁሉም የሆነ ነገር ጠባቂ አያሻውም ብለን ስለምናስብ፣ ሁለቱም እጃችን ላይ እያሉ ይጠፋሉ።

እስቲ ከመድረኩ ሰው ልጀምር። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አገር ፍቅር ማኅበር በ1935 ተቋቋመ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ቤት በ1955 ተከፈተ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣው ጭፈራ ልብስ ለብሶ፣ ሰልፍ ይዞ፣ ደቂቃው ተለክቶ ለትኬት ገዢ የቀረበው እንዲህ ባሉ ቤቶች ነው። ከዚያ በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ መጣ። ይኸኛው ለኛ ለተማሪዎች የቅርብ ዘመድ ነው፤ የተወለደው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነውና። መሥራቹ በዚያ ያስተምር የነበረው ግብጻዊው የሙዚቃ ደራሲ ሐሊም ኤል ዳብ ነበር። ማሲንቆውን፣ ክራሩን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን፣ በየአገሩ ለየብቻቸው ይኖሩ የነበሩትን፣ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። እሱ ከሄደ በኋላ ቡድኑን ለረዥም ጊዜ የመራው ተስፋዬ ለማ ነው፤ ዜማ ደራሲ፣ ግጥም ጸሐፊ፣ የውዝዋዜ አቀናባሪ። ቡድኑ በ1969 አሜሪካን ዞሮ አሳየ። በ1975 ተበተነ።

ታድያ ከዚያ ሁሉ ምን ቀረልን? ዘፈኑ ቀርቷል፤ ቴፕ ነበረና። በ2007 ኢትዮፒክስ በሚባለው ተከታታይ አልበም 23ኛ ሆኖ ወጥቷል፤ ዛሬ ማንም በስልኩ ይሰማዋል። መሣሪያዎቹም ቀርተዋል፤ ተስፋዬ ራሱ ስለ ኢትዮጵያ የሙዚቃ መሣሪያዎች መጽሐፍ ጽፏልና። በኋላም አገሩን ለቆ ዋሽንግተን ሲገባ ሥራውን አልተወም፤ በስደት ላለው ወገኑ ሙዚቃውንና ውዝዋዜውን መድረክ ላይ ሲያቆም ኖሮ እዚያው በ2013 አረፈ። ውዝዋዜውስ? «ይኼ እርምጃ የተስፋዬ ነው» ብሎ የሚያሳየኝ ተማሪ እስካሁን አላገኘሁም። ምናልባት እኔው ራሴ መድረክ ላይ የምረግጠው እርምጃ የእሱ ወይም የዘመዶቹ ይሆናል። ስም የለበትም እንጂ።

የሌላውን አገር ነገር እንይ። ሐሊም ኤል ዳብ ወደ አዲስ አበባ ከመምጣቱ በፊት፣ በ1958፣ ለአሜሪካዊቷ ማርታ ግራሃም «ክሊተምኔስትራ» ለተባለው ዳንስ ሙዚቃ የደረሰላት ሰው ነው። ግራሃም በ1991 ስትሞት ወራሿና ያቋቋመችው ድርጅት ዳንሶቹ የማን ናቸው ብለው ፍርድ ቤት ተካሰሱ፤ በ2002 ዳኛዋ አብዛኞቹን ለድርጅቱ ፈረዱ። ክሱ ደስ አይልም። ግን ልብ በሉ፤ ሰው የሚካሰሰው ስም ያለው ንብረት ሲኖር ነው። እኛ ዘንድ የሚካሰስም የለ!

የባሌው ሰው ጆርጅ ባላንሺን ደግሞ የኒው ዮርክ ሲቲ ባሌ መሥራች ነው። በ1983 ሲሞት ዳንሶቹን እንደ ቤትና እንደ መሬት በኑዛዜ ለየሰው አከፋፈለ። በ1987 ደግሞ አንድ የአደራ ድርጅት ተቋቋመ። ዛሬ የእሱን ባሌ ማሳየት የሚፈልግ ቡድን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ድርጅቱም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይልክና እርምጃውን ያስተምራል። ፊልም ብቻ አይልኩም፤ ሰው ነው የሚልኩት። መርስ ካኒንግሃም ግን ሌላ መንገድ መረጠ። በ2009 ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ «ቡድኔ ከኔ በኋላ ሁለት ዓመት ዓለምን ዞሮ ይዘጋ» ብሎ ዕቅድ አወጣ፤ በ2011 መጨረሻም ተዘጋ። ለየዳንሱ ግን ፊልሙን፣ ድምፁን፣ የልብሱን ንድፍ፣ የመብራቱን ዝርዝርና የራሱን ማስታወሻ አንድ ላይ አሰናድተው አስቀመጡ፤ ነገ ሌላ ሰው እንዲያነሣው።

መቼም «እነሱ ገንዘብ አላቸው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አላቸው። ግን ከገንዘቡ በፊት የቀደመ ነገር አለ፤ ይኸንን ዳንስ ያዋቀረው እገሌ ነው ብለው ያምናሉ። ለዚያ እምነት ሳንቲም አያስፈልግም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው ልምጣ፤ ወደ ገጠሩ። አባቴ እኅት አለችው፤ እታለም ነው የምንላት። ዛሪማ ውስጥ ሠርግ ሲኖር ከበሮ የምትመታው እሷ ናት። በ2021 ክረምት ጦርነቱ በዚያው በኛ መንገድ ሲመጣ ልጆቿን ይዛ ወደ ጎንደር ሸሸች። ከበሮው ቤት ቀረ፤ ስትመለስ አላገኘችውም። «አይዞሽ እታለም፣ ሌላ ይገዛል» ስላት እጇን ዘርግታ አሳየችኝ። «ጠፍሩ ነው የጠፋው፤ ምቱማ እዚህ ነው» አለችኝ።

ባለፈው ፋሲካ የቡድናችንን ቪዲዮ በስልኬ አሳየኋት። ዝም ብላ እስከ መጨረሻው አየችው። ከዚያ «ትከሻው ደኅና ነው። ግን ምነው ሁላችሁም ባንድ ጊዜ ትተነፍሳላችሁ?» አለች። እኛ ዘንድ አንዱ ትንፋሹን ይዞ አንገቱን ሲሰብቅ ሌላው እየተነፈሰ ይጠብቀዋል፤ ጨዋታው እዚያ ላይ ነው። የመድረኩ አቀናባሪ ይኸንን ትቶ በምትኩ የስምንት ሰው እኩልነት አምጥቷል። ጥፋት ነው አልልም፤ ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች የአንዱን ትንፋሽ አያይም፣ የስምንቱን ትከሻ ግን ያያል። አቀናባሪው አስቦ የመረጠው ነገር ነው፤ እንደማንኛውም ደራሲ። ግን እታለምን ባላውቅ ኖሮ ምን እንደመረጠ በምን አውቅ ነበር? የመረጠውን ሰው ስም ካላወቅሁስ ማንን ላመስግን፣ ከማንስ ልከራከር? አንዱ ሲጠፋ ሌላው አይነበብም የምለው ለዚህ ነው።

«ቪዲዮ አለ አይደል ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለ። በ1965 የሀንጋሪ አጥኚዎች፣ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ፣ አገራችን መጥተው ጭፈራችንን በፊልም አንሥተዋል። ባለውለታዎቻችን ናቸው። ፊልም ግን እግሩ የት እንዳረፈ ያሳያል እንጂ ለምን እዚያ እንዳረፈ አይናገርም። «ትንፋሽህን ያዝ፤ አሁን ልቀቅ» የሚል ሰው አጠገብ ከሌለ፣ ከፊልም የተማረ ልጅ የፊልሙን ጥላ ነው የሚወዛወዘው።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትንሽ ነው፣ በጀትም አይጠይቅም። አንደኛ፣ የባህል ቡድኖቻችን ፕሮግራም ሲያትሙ ወይም በማይክ ሲያስተዋውቁ «ባህላዊ ውዝዋዜ» ብለው አይለፉ፤ «ቅንብር፦ እገሌ፤ የተማርነው፦ ከእገሊት» ይበሉ። ሁለተኛ፣ ቪዲዮ ስናነሣ ትርኢቱን ብቻ ሳይሆን ልምምዱንም እናንሣ፤ አሠልጣኙ ሲቆጣ፣ ሲያርም፣ ሲቆጥር። ሦስተኛ፣ የሚመረቅ ተወዛዋዥ ቦታውን ለሁለት ታናናሾች ሳያስተምር አይሂድ። ለአንድ ብቻ ካስተማረ ያ ልጅ ሲቀር ነገሩ ያልቃል።

እኔ አንድ የአምሳ ሉክ ደብተር ገዝቼ ጀምሬአለሁ። የዛሪማውን ምት ከእታለም እየቆጠርኩ ጽፌአለሁ፤ ሦስት ገጽ ሆኗል። የመድረካችንን «ጎንደር» ደግሞ ወደኋላ እየተከተልኩ ነው፤ ከአሠልጣኛችን አሠልጣኝ ጋር በስልክ ተነጋግረን የሦስት ሰዎች ስም ሰጥቶኛል፤ አንደኛው አርፏል፣ ሁለቱ አሉ። ሁለቱም አሮጌ ሰዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ናቸው። በሚመጣው ክረምት ሄጄ መንበርከኩን ማን እንዳመጣው እጠይቃቸዋለሁ። ከናንተ ውስጥ አዲስ አበባ የሚከርም፣ ቀረጻ የሚችል፣ በተለይም መወዛወዝ የሚችል ካለ አብሮኝ ይምጣ። የሚያሳዩንን እርምጃ እዚያው ተነሥቶ የሚቀበል ሰው ያስፈልገኛል።