ሳጥኑ የት ይቀመጥ?

የምሠራው ማርኬቲንግ ነው። ሰው ትልቅ ቁጥር ሲያይ እንዴት ልቡ እንደሚሸፍት አውቃለሁ፤ እንጀራዬም እሱ ነው። የቤታችን ኢንተርኔት ሲያስቸግረን ግን በገዛ ሙያዬ ተሸወድኩ። ብትስቁብኝ አልቀየምም፤ ብቻ እናንተም እንዳትሸወዱ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ባለ ሦስት መኝታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ፣ አምስተኛ ክፍል የምትማረው ልጃችንና እናቴ። ፋይበር በገባልን ዕለት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ቴክኒሻኑ ደውሎ «ሳጥኑን የት ላድርግላችሁ?» ሲለኝ «በሩ አጠገብ፣ ለአንተ በሚመችህ ቦታ» አልኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ሳጥኑም ከመግቢያው አጠገብ፣ ከቴሌቪዥኑ ቡፌ ኋላ ተቀመጠ።

ሳሎን ውስጥ ሁሉም ነገር ይበር ነበር። ጓዳው አካባቢ ያለው የእማዬ ክፍል ግን ሌላ አገር ነበር። እኔ ምን አደረግኩ? ፓኬጁን ከ25 ወደ 50 ሜጋ ቢት አሳደግኩት። ወርኃዊ ክፍያው ጨመረ፤ እማዬ ክፍል ግን ምንም አልተለወጠም።

ወንድሜ ካናዳ ነው የሚኖረው። እሑድ አመሻሽ ላይ፣ እነሱ ዘንድ ገና ረፋድ ሲሆን፣ ከእማዬ ጋር በቪዲዮ ይገናኛሉ። እየቆየ ሲሄድ እማዬ «ዛሬ ይቅር፣ እሱም ሥራ ይበዛበታል» ማለት አበዛች። እውነቷን መስሎኝ ነበር።

አንድ እሑድ ከለቅሶ ቤት ስመለስ በሩን ከፍቼ ልገባ ስል እማዬን ልገጫት ነበር። በሩና ቡፌው መሃል በርጩማ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ፣ ስልኳን ፊቷ ላይ አስጠግታ ቁጭ ብላለች። «እማዬ፣ እዚህ ብርድ ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አልኳት። «እዚህ ብቻ ነው ፊቱ የማይቆራረጥብኝ። እናንተ ስትኖሩ ደግሞ ቴሌቪዥናችሁን መረበሽ አልፈለግኩም» አለችኝ። አንድ እናት ለልጇ በሆዷ ያለውን የምታወራው በር ዘግታ ነው። እኔ በራሴ ቤት ያንን ነስቻት ኖሯል።

በማግስቱ ባለሙያ ጠራሁ። ያን ቀን የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ፋይበር እንደ ድሮው የስልክ መስመር መዳብ አይደለም፤ ፀጉር የሚያህል የመስታወት ክር ነው፤ መረጃውም የሚጓዘው በብርሃን ነው። ክሩ በኃይል ከታጠፈ ብርሃኑ ያፈተልካል። ከተሰበረ ደግሞ እንደ መብራት ሽቦ ልጣችሁና ጠምዝዛችሁ አትቀጥሉትም፤ ባለሙያ በልዩ መሣሪያ አቅልጦ ነው የሚያገናኘው። ስለዚህ ገመዱን በበር መሃል አታሳልፉት፣ ሶፋ አትጫኑበት፣ ጥግ ላይም ሰፋ ብሎ ይዙር። ልጆች ያሏችሁ ደግሞ ይህን ልብ በሉ፦ የተነቀለ ፋይበር ጫፍ ውስጥ ማንም እንዳያይ። ብርሃኑ ለዓይን አይታይም፤ ግን ዓይንን ሊጎዳ ይችላል።

ይህ ሁሉ ብርሃን ግን ጉዞው ሳጥኑ ጋ ያበቃል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዋይፋይ ነው፤ ማለትም የሬዲዮ ሞገድ። ብሎኬትና ኮንክሪት ያዳክሙታል፤ ብረትና ትልቅ የፊት መስታወት ይመልሱታል። ከሳጥኑ እስከ እማዬ አልጋ ድረስ ሁለት ግድግዳና ባለ መስታወት ቁምሳጥን ነበር። ለአንድ ጥራት ላለው የቪዲዮ ጥሪ 4 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል። እኔ 50 ገዝቼ ለእናቴ ክፍል የደረሰው ፍርፋሪው ነበር።

መፍትሔው ከፓኬጁ ጭማሪ የተሻለ ሆነ። ሳጥኑን ወደ መተላለፊያው መሃል፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ አዛወርነው። ከእሱ እስከ እማዬ ክፍል ካት 6 የኔትወርክ ገመድ በግድግዳው ጥግ ዘርግተን ጫፉ ላይ ሁለተኛ ራውተር አደረግን። ይህ ገመድ እስከ 100 ሜትር ድረስ ያለ ችግር ይሠራል፤ ለአንድ ቤት ይተርፋል። ዋይፋዩ ሁለት ስም ካሳያችሁ ደግሞ ልዩነቱን እወቁ፦ 5 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፣ ግን ግድግዳ ይፈራል፤ 2.4 ቀርፋፋ ቢሆንም ራቅ ብሎ ይደርሳል።

መብራትም አለ። ክሩ ኤሌክትሪክ ባይፈልግም ሳጥኑና ራውተሩ ይፈልጋሉ። ለዚህ የሚሆን ትንሽ ባትሪ፣ ሚኒ ዩፒኤስ የሚሉት፣ ገበያ ላይ አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቮልትና አምፒር አንብቡ፤ ቮልቱ ካልተመሳሰለ መሣሪያውን ልታቃጥሉት ትችላላችሁ።

አንድ የሙያ ምስጢር ልጨምርላችሁ። ማስታወቂያው የሚነግራችሁ ሜጋ ቢት ነው፤ ፊልም ስታወርዱ የምታዩት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 50 የተባለው ስታወርዱ 6 ገደማ ሆኖ ቢታያችሁ አትደንግጡ።

ከሁሉ በፊት ግን ቴክኒሻኑ ሳይመጣ ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ጠይቁ፤ ማን የት ቁጭ ብሎ፣ ለምን ይጠቀማል? እኔ ያንን ጥያቄ ብጠይቅ ኖሮ፣ እናቴ ስንት እሑድ በር ሥር ባልተቀመጠች።

አሁን እሑድ አመሻሽ ላይ የእማዬ በር ይዘጋል። አንዳንዴ ሳቋ ይሰማኛል፤ አንዳንዴ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። ምን እንደሚያወሩ አላውቅም። እንዳላውቅ ነው ገመዱን የዘረጋሁት።