ዘሯን ሳትጥል

ባለፈው ዓመት መስከረም አጋማሽ ላይ የወጣቶች ኅብረታችን ከሆሳዕና ወደ ዱራሜ ተጉዞ አምባሪቾ ተራራን ወጣ። አምባሪቾን የምታውቁ 777ቱን ደረጃ አትረሱትም። ጓደኞቼ ደረጃ ሲቆጥሩ እኔ ስልኬን ይዤ ከአደይ አበባ ወደ አደይ አበባ እሮጥ ነበር።

ያማረችዋን ያገኘሁት ቁጥቋጦ ሥር፣ ጥላ ውስጥ ነው። ፎቶው ጨለመብኝ። ቀጠፍኳትና ፀሐይ ላይ ባለ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሰክቼ አነሳኋት። እዚያው የበቀለች ትመስላለች።

ሣር ተሸክመው የሚወርዱ እናት ቆም ብለው አዩኝ። «ልጄ፣ ምነው ዘሯን ሳትጥል?»

«እማማ፣ አበባው ሞልቶ የለ እንዴ?» አልኩ።

«የሞላውማ ስለተተወ ነው» ብለው አለፉ።

ጫፍ ስንደርስ አበባዋ እጄ ላይ ጠውልጋ ነበር። ፎቶው ግን ታትሞ በኅብረታችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። አንድ እሑድ መሪያችን እሱን እያሳየ ድንጋይ ሰንጥቆ ስለሚበቅል ተስፋ አስተማረን። ሁሉም «አሜን» ሲል እኔ አንገቴን ደፋሁ። ዝም አልኩ።

ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ነሳኝ። በመጨረሻ ለመሪያችን ነገርኩት። አልተቆጣኝም፤ «ራስሽ ንገሪያቸው» አለኝ ብቻ። ተነሥቼ ስናገር ድምፄ ተንቀጠቀጠ። የሳቀብኝ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ስለ አደይ አበባ ማንበብ ጀመርኩ። አደይ የአንድ ዓመት ተክል ናት፤ አብባ፣ ዘሯን ጥላ ትደርቃለች። ዘንድሮ ሜዳውን ቢጫ ያደረገው አምና መሬት ላይ የወደቀው ዘር ነው። እኛ አንድ አበባ የምንላትም ብዙ ጥቃቅን አበቦች አንድ ላይ የተሰበሰቡባት ናት። ይህን ሁሉ ሳላውቅ ነበር በአንድ እጄ የቀጠፍኳት።

ለአዲስ ዓመት አበባ መቁረጥ ኃጢአት ነው ማለቴ አይደለም። የእኔ ጥፋት ያልበቀለችበት በቅላለች ማለቴ ነው።

በዚህ መስከረም ተመልሼ ወጣሁ። እናንተም ከወጣችሁ በማለዳ ሂዱ፤ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ከላይ ቆማችሁ አታንሱ፤ ተንበርከኩና ስልካችሁን ከአበባዋ ቁመት ጋር አስተካክሉ። ነፋሱ እስኪያልፍ ጠብቁ። ጥላ ውስጥ ካለች ፀሐይ እስክትደርስላት ተቀመጡ፤ ካልደረሰላት በጥላዋ አንሷት።

ማቴዎስ 6 ላይ ጌታ ስለ ሜዳ አበቦች ሲናገር ልብ ብለን እንድናያቸው ነው የጠየቀን። እኔ ያንን የተማርኩት ከተንበረከክሁ በኋላ ነው። አዲሱ ፎቶዬ ትንሽ ጨለም ይላል፤ ሰሌዳ ላይም አልተለጠፈም። አበባዋ ግን እዚያው ቀርታለች።